የጎደለው የፍሬን ዘይት የት ሄደ?



ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። የመኪናችሁን ኮፈን ስትከፍቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በኩል፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ካለው ጥግ ላይ ታገኟታላችሁ። ነጣ ያለች፣ ብርሃን የምታሳልፍ፣ ከሁለት ጭብጥ የማትበልጥ ናት። ጎኗ ላይ ሁለት መስመሮች ተሠርተውባታል፤ የላይኛው «ማክስ»፣ የታችኛው «ሚን» ይላል። የፍሬን ዘይት መያዣ ናት። መኪና የሌላችሁ ሰዎችም ነገ ጠዋት ታክሲ ስትሳፈሩ ሕይወታችሁ ከዚች ዕቃ ጋር ይታሰራል፤ ስለዚህ ነገሩ የሾፌር ብቻ ነው ብላችሁ አትተዉኝ።

አደጋ በደረሰ ቁጥር የምንሰማው አንድ አነጋገር አለ፦ «መኪናው ፍሬን በጥሶ»። ከፈረስ ዘመን የቆየ አነጋገር ይመስለኛል። ፈረስ ልጓም ይበጥሳል፣ በሬ ገመድ ይበጥሳል። በዚህ ቃል ላይ ያለኝ ቅሬታ ነገሩን ድንገተኛ ማድረጉ ነው። እስከ አሁን ደህና የነበረ ገመድ በአንድ ቅጽበት ተበጠሰ ሲባል ማን ይጠየቃል? ማንስ ቀድሞ ሊያውቅ ይችል ነበር? ዛሬ በምንነዳው የቤት መኪና ውስጥ ግን ከእግራችን ተነስቶ እስከ ጎማው የሚደርስ ገመድ የለም። በገመድ የሚሠራው፣ ያውም በብዙዎቹ መኪናዎች እንጂ በሁሉም ላይ አይደለም፣ የእጅ ፍሬኑ ነው። የእግር ፍሬናችን ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ አይበጠስም፤ ይጎድላል፣ ይፈሳል፣ ይፈላል። የፍሬን ቱቦ በድንገት የሚፈነዳበት ጊዜ የለም አልልም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፍሬን ከመሄዱ በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሲናገር ይቆያል። የሚናገረውም በዚያች ዕቃ ጎን ላይ ባሉት ሁለት መስመሮች ነው።

በጥንቶቹ መኪናዎች ግን «በጠሰ» ማለት እውነት ነበር። ፔዳሉ ብረትና ገመድ ይስባል፣ ገመዱ የጎማውን ፍሬን ይስባል። አራቱም ገመዶች እኩል ካልተወጠሩ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎተታል፤ ጭቃና ዝገት ደግሞ ውጥረቱን በየሳምንቱ ያዛባዋል። ማልኮልም ሎኪድ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1917 በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን የባለቤትነት መብት አወጣ። ወንድሙ አለን በአውሮፕላን ፋብሪካው ስማቸውን ያስጠራው ነው። በ1921 ዱሰንበርግ የተባለው መኪና በአራቱም ጎማዎቹ ላይ የፈሳሽ ፍሬን ይዞ ለገበያ ወጣ። ሄንሪ ፎርድ በበኩሉ ብረትና ገመዱን ይዞ ብዙ ቆየ፤ የፎርድ መኪናዎች ወደ ፈሳሽ የተዛወሩት ለ1939 በተሠሩት ሞዴሎች ነው። በዚያ ዘመን የፍሬኑ ፈሳሽ ምን እንደነበር ስትሰሙ ትደነቁ ይሆናል፤ አልኮልና የጉሎ ዘይት ቅልቅል ነበር። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ የሚያሟሹበት ጉሎ መኪና ያቆም ነበር ማለት ነው።

ለመሆኑ ፈሳሽ እንዴት መኪና ያቆማል? እነዚህን ሁለት ስሪንጆች ተመልከቱ። መርፌያቸውን አውጥቼ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አገናኝቻቸዋለሁ፤ ውስጣቸው ውሃ ብቻ ነው። አንዱን ስገፋ ሌላው ወዲያው ይወጣል፤ አንዲት ጸጉር ታህል መዘግየት የለም። ውሃ ቢጫኑት አይጨመቅም፤ ግፊቱን ተቀብሎ እንዳለ ያስተላልፋል። ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስረዳን ይኸንኑ ነው። አሁን ደግሞ ትንሽ አየር ላስገባ። ስገፋ እዩ፤ ጣቴ ሄደ፣ የወዲያኛው ስሪንጅ ግን ንቅንቅ አላለም። ግፊቴን የበላው ያ አረፋ ነው። እግራችሁ ፔዳሉን ሲረግጥ የምትገፉት የመጀመሪያውን ስሪንጅ ነው፤ መካኒኮች ማስተር ሲሊንደር ይሉታል። ጎማው ዘንድ ያለው ሁለተኛው ስሪንጅ የፍሬን ሸራውን በዲስኩ ወይም በታምቡሩ ላይ ይጫናል። ያቺ የፕላስቲክ ዕቃ ደግሞ ከላይ ተቀምጣ አንድ ሥራ ብቻ ትሠራለች፤ አየር እንዳይገባ መንገዱን በፈሳሽ ሞልታ ትጠብቃለች። ፈሳሹ ከታችኛው መስመር በታች ወርዶ መውጫዋ ሲራቆት ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ይሆናል። ያን ጊዜ እግራችሁ እንደ ጣቴ ባዶ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እንግዲያው ሲጎድል መሙላት ነዋ!» ይላል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፤ ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩትም በዚያ ሐሳብ ምክንያት ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችኝ። አንድ ሰሞን ቀዩ የፍሬን መብራት ኩርባ ስዞር ብልጭ ማለት ጀመረ። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ቁልቁለት ላይ ይመለሳል። መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን በደንብ ያላወረድኩት መስሎኝ ነበር፤ በብዙ መኪና ላይ የእጅ ፍሬኑም የፈሳሹ መጉደልም የሚያበሩት ያንኑ መብራት ነውና። ነገሩ ሌላ ነበር። በዕቃዋ ውስጥ አንዲት ተንሳፋፊ አለች፤ ፈሳሹ ወደ ታችኛው መስመር ሲጠጋ መብራቱን የምታበራው እሷ ናት። መኪናው ሲዞር ወይም ሲያዘቀዝቅ ፈሳሹ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ተንሳፋፊዋም ለአፍታ ትወርዳለች። ብልጭታው ማለት «ልጎድል ነው» ማለት ነበር። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ክዳኑን ከፈተ፣ ሞላ፣ መብራቱም ጠፋ፤ ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብልጭታው ተመለሰ። ያን ጊዜ ራሴ ገዝቼ ሞላሁ። ሦስተኛ ጊዜም ሞላሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ከእንጦጦ ስንወርድ ባለቤቴና ልጄ አብረውኝ ነበሩ። ፔዳሉን ስረግጠው እስከ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩ፤ ከአንድ የድንጋይ አጥር ጋር ተጠግተን ቆምን። ማንም አልተጎዳም። ያተረፈን የመኪናዋ አሠራር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በሕግ ያስገደደችው፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ የተለመደ አሠራር አለ፤ የፍሬኑ ፈሳሽ በሁለት የተለያዩ መስመሮች ይሄዳል፣ አንዱ ቢፈስ ሌላው ይቀራል። የፕላስቲክ ዕቃዋም ውስጧ በግድግዳ የተከፈለው ለዚሁ ነው። እኔን ያቆመኝ የቀረው ግማሽ ነው። በኋላ አንዱ ጎማ ሲፈታ የታምቡሩ ውስጥ በፈሳሽ ርሶ፣ ሸራዎቹ ተነክረው አገኘናቸው። ጎማው ዘንድ ባለችው ትንሿ ሲሊንደር ውስጥ ፈሳሹን የምታፍነው ላስቲክ፣ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሏት፣ አርጅታ ነበር። ዋጋዋ እኔ ለመሙያ ከገዛኋቸው ጠርሙሶች ያነሰ ነበር። መብራቱ እውነቱን ሲነግረኝ ከርሟል፤ እኔ ነኝ ሦስት ጊዜ ዝም ያሰኘሁት።

ስለዚህ ፈሳሹ ጎድሎ ስታዩ ጠርሙስ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የት ሄደ? የሞተር ዘይት ይቃጠላል፣ የራዲያተር ውሃ ይተናል። የፍሬን ፈሳሽ ግን የተዘጋ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የሚያልቅበት መንገድ የለውም። ሊሄድ የሚችለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ደህና ቦታ ነው። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ እሱን የሚገፋው ፒስተን ወደ ፊት ይወጣል፣ ከኋላው የተተወውንም ክፍተት ፈሳሽ ይሞላዋል። ፈሳሹ አልጠፋም፤ ከላይ ወደ ታች ቤት ቀየረ እንጂ። ምን ያህል እንደሚሆን እናስላ። የፒስተኑ ስፋት ዳር እስከ ዳር 54 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በአንድ ጎማ ያሉት ሁለት ሸራዎች እያንዳንዳቸው 7 ሚሊ ሜትር ይሳሱ። ለአንድ ጎማ 32 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ለሁለቱ የፊት ጎማዎች 64። አንድ የቡና ሲኒ ማለት ነው። ሸራው አዲስ ሆኖ ከገባበት ቀን እስኪያልቅ ድረስ፣ በብዙ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ የሚጎድለው ያችኑ አንድ ሲኒ ያህል ነው። ይህን ልክ በአእምሯችሁ ያዙልኝ። በወራት ውስጥ ቀስ ብላ የወረደች መስመር «ሸራዬን እዩልኝ» ትላለች። በሳምንታት ውስጥ የወረደች መስመር ግን ሌላ ነገር ነው የምትናገረው፤ ፈሳሹ ውጭ ወጥቷል።

በመጀመሪያው ሁኔታ፣ ሸራው ሳስቶ ሲሆን፣ ሞልቶ መሄድ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ሸራው አልቆ አዲስ ሲገባ መካኒኩ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ወርዶ የነበረው ፈሳሽም ወደ ላይ ይመለሳል። መሃል ላይ የሞላችሁት ትርፍ ያን ጊዜ በክዳኑ ገንፍሎ ይወጣል፣ የነካውንም ቀለም ይልጣል። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ሳትውሉ ሳታድሩ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። ከላይኛው መስመር ማሳለፍም አያስፈልግም፤ ፈሳሽ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ከሆነ፣ ፈሳሹ ውጭ ወጥቶ ከሆነ፣ ሥራችሁ ፍለጋ ነው። የጎማዎቹን የውስጥ ጎን እዩ፤ ርሶ አቧራ የያዘ ጎማ ፍንጭ ነው። ከፔዳሉ በላይ ያለውን ቦታ፣ ምንጣፉንም አንስታችሁ ዳብሱ፤ ማስተር ሲሊንደሩ ከኋላው ሲያፈስ ወደ ሾፌሩ እግር የሚወርድበት ጊዜ አለ። ማታ ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፋችሁ ጠዋት ተመልከቱ። በማርሽ የሚነዳ መኪና ከሆነም ፍሪሲዮኑን አትርሱ፤ በብዙዎቹ ላይ ፍሪሲዮን የሚጠጣው ከዚያችው ዕቃ ነው። ሌላም ቀላል ፈተና አለ፤ ሞተሩን አስነስታችሁ ቆማችሁ ሳለ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋችሁ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙት። ቀስ እያለ ከእግራችሁ ሥር ከወረደ መኪናውን አትንዱት፤ መካኒኩ ወደ መኪናው ይምጣ።

አሁን ወደ ሁለተኛው የቃል ቅሬታዬ ልለፍ። «የፍሬን ዘይት» እንለዋለን፤ ዘይት ግን አይደለም። ይኸው አንድ ብርጭቆ ውሃ። የሞተር ዘይት ጠብ ሳደርግበት ከላይ ተንሳፎ ቀረ። በዚህኛው ብርጭቆ ደግሞ የፍሬን ፈሳሽ ላድርግ። አያችሁ? ከውሃው ጋር ተዋሃደ፣ ጠፋ። አብዛኛው የፍሬን ፈሳሽ ግላይኮል ከሚባሉ ኬሚካሎች ቤተሰብ የሚሠራ ነው። ስሙን ቀይሩ አልልም፣ አትቀይሩትምም፤ ስሙ ስለሚያሳስተን ግን ሰው ይጎዳል። «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት የሚጨምር አለ። በፍሬኑ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች ከማዕድን ዘይት ጋር አይስማሙም፤ ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ ማፈን ያቆማሉ። ተሳስታችሁ ከሞላችሁ ፔዳሉን አንዴም ሳትረግጡ ተዉት፤ ተጎትቶ ጋራዥ ይግባ። ከተሰራጨ በኋላ ማጠብ ብቻ አይበቃም፣ ጎሚኒዎቹ ሁሉ ይቀየራሉ።

ምን ዓይነት እንደሚጨመር ክዳኑ ላይ ተጽፏል፦ ዶት 3፣ ዶት 4 ወይም ዶት 5.1። ዶት የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አጭር መጠሪያ ነው። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ዶት 5 ግን በቁጥር ጎረቤት ይምሰል እንጂ ከሲሊኮን የተሠራ ባዕድ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ከሱቅ ስትገዙ ትንሹን ጠርሙስ፣ ማሸጊያው ያልተነካውን ግዙ። በባዶ ሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ከሆነ እጃችሁን አትዘርጉ። ፈሳሹ መርዝ ነው፣ ልጅ ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ከአየር ውሃ ይስባል።

በዚህ ጉዳይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ አገር መንገድ የግድ ይለኛል። አሁን ከውሃው ጋር ሲዋሃድ ያያችሁት ፈሳሽ በክዳኑ መተንፈሻና በጎማ ቱቦዎቹ በኩል ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ቀስ በቀስ፣ ዓመት በዓመት። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ዶት 4 እስከ 230። ከመቶ 3.7 እጅ ውሃ ሲቀላቀልባቸው ግን የሚጠየቁት ዝቅተኛ ልክ ወደ 140 እና ወደ 155 ይወርዳል። እነዚህ ቁጥሮች በባሕር ወለል የተለኩ ናቸው። እኛ ደጋ ላይ ነን፤ አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ፍሬኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽም በከፍታ ላይ ቀድሞ ይፈላል።

አሁን ከጎሐ ጽዮን ተነስታችሁ ወደ ዓባይ ስትወርዱ አስቡ። እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ሰው የጫነ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 44 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ እስከ 100 ያሞቃል፤ ከሁለት ጀሪካን በላይ። ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር የሞተሩን ድርሻ ሁሉ ለፍሬኑ ሰጠው ማለት ነው። ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ በሸራውና በፒስተኑ በኩል ወደ ፈሳሹ ይደርሳል። ያረጀው ፈሳሽ ፈልቶ እንፋሎት ይሠራል፤ እንፋሎት ደግሞ በስሪንጁ ውስጥ ያያችሁት አረፋ ነው። አስከፊው ነገር መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ መሆኑ ነው። ፔዳሉ ይጠነክራል፣ ዕቃዋም ሙሉ ናት፤ ሾፌሩ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ሲል የሚያምነው አያገኝም። በዕቃዋ ጎን ባሉት ሁለት መስመሮች መካከል ያለ ፈሳሽ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ዕድሜውም ይቆጠራል። ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር የሚያዙት ለዚህ ነው። አዲሱ ወደ ማር የሚያደላ ፈዛዛ ነው፤ እንደ ጠቆረ ቡና ከሆነ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። መንገድ ዳር ያለው «በከባድ ማርሽ ንዳ» የሚለው ምልክትም ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ሙቀቱን ለሞተሩ አካፍሉት።

ትላልቅ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች በአብዛኛው በአየር ግፊት ነው የሚቆሙት፤ የእነርሱ ጉዳይ ሌላ ምሽት ይጠይቃል። ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም ትጠይቁኝ ይሆናል፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ መንገዱ ላይ በዝተዋልና። ሞተሩ ራሱ ፍጥነት ስለሚቀንስላቸው ሸራቸው ዕድሜ አለው። ያቺ ዕቃ ግን እዚያም አለች፣ ፈሳሹም እርጥበት መጠጣቱን አይተውም። ሸራ ለማስቀየር እንኳ ለዓመታት ጋራዥ የማይገባ መኪና ስለሆነ ይበልጥ የሚረሳው እዚያ ይመስለኛል።

ለቦሎ ሲባል በዓመት አንድ ቀን መኪናው ይመረመራል፤ ጥሩ ነው። የቀሩትን ቀናት የሚያየው ግን ባለቤቱ ነው። ለማየት ክዳኑን መክፈት እንኳ አያስፈልግም፤ ዕቃዋ ብርሃን የምታሳልፈው ሳትከፍቱ እንድታዩ ነው። መክፈት ካለባችሁ መጀመሪያ ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ጎሚኒውን ልትጭረው ትችላለችና፤ ከዚያም ሳትቆዩ ዝጉ።

ከተቀመጥን አንድ ሰዓት አልፎናል። ግቢው ሜዳ ነው፣ የቆሙት መኪናዎችም ሞተራቸው በርዷል፤ ለማየት የሚፈለገውም ይኸው ነው። የእጅ ባትሪ ይዣለሁ። መኪና ያላችሁ ኮፈናችሁን ክፈቱ፣ የሌላችሁም ተከተሉን፤ ከበሩ አጠገብ ካለችው ነጭ ኮሮላ እንጀምር።